ከኋላ የቆሙት፤ ስለ ባሌት የኅብር ዳንሰኞች

ባሌት ስለሚባለው የመድረክ ዳንስ ወሬ በተነሣ ቍጥር የሚጠራው የአንድ ሰው ስም ነው። ወይ አና ፓቭሎቫ ትጠራለች፤ ወይ ሩዶልፍ ኑሬየቭ ይጠራል፤ ከዚያ በኋላ ወሬው ያበቃል። ነገር ግን ከእነዚህ ስመ ጥሩዎች ኋላ ሃያ፥ ሠላሳ፥ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ የበዙ ሰዎች ተሰልፈው ይቆማሉ። አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰዋል፤ ጠጕራቸው ባንድ ዓይነት ተሠርቷል፤ እጃቸው ባንድ ጊዜ ይነሣል፥ ባንድ ጊዜ ይወርዳል። ተመልካቹ ከመካከላቸው አንዷን ለይቶ ካያት፥ ያቺ ልጅ ባብዛኛው ተሳስታለች ማለት ነው። ሥራው መልካም በሆነ መጠን ሠራተኛው የማይታይበት ሙያ ምን ዓይነት ሙያ ነው? ይህን ጥያቄ ይዘን፥ ስለ ኅብር ዳንሰኞች የምናውቀውን ያህል ለጓደኞቻችን ለማስረዳት አሰብን።

ከሁሉ አስቀድሞ ስለ ስሙ ጥቂት እንበል። ፈረንሳዮች የቃሉን መጨረሻ ውጠው «ባሌ» ይላሉ፤ እኛ ግን ከባሌ ተራሮች ጋር እንዳይምታታብን «ባሌት» ማለቱን መርጠናል። የኅብር ዳንሰኞቹን ጓድ ደግሞ «ኮር ደ ባሌ» ይሉታል፤ ትርጓሜው «የባሌት አካል» ማለት ነው። ስሙ ራሱ ፍርድ አለበት። ኮከቡ ራስ ሊሆን ይችላል፤ አካሉ ግን እነርሱ ናቸው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

አንድ ትልቅ የባሌት ጓድ የሚቆመው በማዕርግ ነው። የፓሪስ ኦፔራን ብንወስድ፥ መቶ ኀምሳ አራት ያህል ዳንሰኞች አሉት፤ አዲስ የገባ ልጅ «ካድሪል» ይባላል፤ ከዚያ «ኮሪፌ»፥ ከዚያ «ሱዤ»፥ ከዚያ «የመጀመሪያ ዳንሰኛ» ይሆናል፤ በመጨረሻም ዕድል ከቀናው «ኤትዋል»፥ ማለት ኮከብ፥ ተብሎ ይሾማል። በታችኞቹ ማዕርጎች ያሉት ቍጥራቸው ከጓዱ ግማሽ በላይ ነው፤ ብዙዎቹም የሥራ ዘመናቸውን በዚያው በኅብሩ ውስጥ ይፈጽማሉ። ስለዚህ ኅብሩን ወደ ኮከብነት መወጣጫ ደረጃ ብቻ አድርጎ ማሰብ፥ የብዙውን ሰው ዕድሜ እንደ መጠበቂያ ክፍል መቍጠር ይሆናል።

በሰልፍ መደነስ ከየት መጣ? ባሌት ገና የነገሥታት ግቢ ጨዋታ ሳለ፥ ለምሳሌ በ1581 በፈረንሳይ ንግሥት ግቢ በቀረበው ታላቅ ትርኢት ጊዜ፥ መድረክ አልነበረም። መኳንንቱ በአዳራሹ ወለል ላይ ክብና ሦስት ማዕዘን፥ ሌላም ሌላም ቅርጽ እየሠሩ ይደንሱ ነበር፤ ተመልካቹም ከፍ ካለ ሰገነት ቍልቍል ያያቸው ነበር። ከላይ ለሚያይ ሰው የአንድ ሰው እግር ምኑ ነው? የሚያምረው ቅርጹ ነው። በኋላ ባሌት ወደ ቲያትር ቤት ገባ፤ ዳንሰኛውም ዕለት ዕለት የሚሠለጥን የሙያ ሰው ሆነ፤ ቅርጽ የመሥራቱ ልማድ ግን አልቀረም።

ኅብሩ የራሱን ታላቅ ሥራ ያገኘው ግን በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ነው። በ1832 «ላ ሲልፊድ»፥ በ1841 ደግሞ «ዢዜል» የተባሉት ባሌቶች በፓሪስ ቀረቡ። በዢዜል ሁለተኛ ክፍል ከሠርጋቸው በፊት የሞቱ ልጃገረዶች ነፍሳት በሌሊት ከመቃብር ይወጣሉ፤ በጫካው ያገኙትንም ወንድ እስኪሞት ድረስ ያስጨፍሩታል። እነዚህን ነፍሳት የሚጫወተው ኅብሩ ነው። ሁሉም ነጭ ለብሰዋል። ከግራና ከቀኝ በሁለት ወገን ተሰልፈው፥ ባንድ እግራቸው ዝቅ ብለው እየዘለሉ፥ ሌላውን እግር ወደ ኋላ እንደ ዘረጉ አንዱ ሰልፍ በሌላው መካከል ያልፋል። ልብ እንበል፤ የሚያስፈራው የአንዲቱ ፊት አይደለም፤ ሁሉም አንድ መሆናቸው ነው። አንዲት ልጅ ብትሆን ወንዱ ይለምናታል፥ ታዝንለትም ይሆናል። ሠልፍን ግን ማን ይለምናል? እንግዲህ መመሳሰሉ ለጌጥ አልመጣም፤ ታሪኩ የሚነገረው በእርሱ ነው።

ይህ ነገር ከሁሉ ይልቅ ጐልቶ የሚታየው «ላ ባያዴር» በተባለው ባሌት ነው። ይህን ሥራ ማሪዩስ ፔቲፓ የተባለው ፈረንሳዊ ሉድቪግ ሚንኩስ በደረሰው ሙዚቃ አቀናብሮ በ1877 በቅዱስ ጴጥሮስ ከተማ፥ ማለት በሴንት ፒተርስበርግ፥ አቀረበው። ታሪኩ በሕንድ አገር ነው። ሶሎር የተባለ ጦረኛ የሚወዳት የቤተ መቅደስ ዳንሰኛ ኒኪያ በእባብ ተነድፋ ትሞትበታለች። እርሱም ኀዘኑን ለመርሳት አፍዮን ያጨሳል፤ በሰመመኑም የጥላዎች መንግሥት ይታየዋል። ከመድረኩ በስተኋላ ዘቅዛቃ መንገድ አለ። ከዚያ ላይ አንዲት ነጭ የለበሰች ጥላ ትወጣለች፤ ባንድ እግሯ ቆማ ሌላውን ወደ ኋላ ትዘረጋለች፥ ይህ አቋቋም አራቤስክ ይባላል፤ ከዚያ ወገቧን ወደ ኋላ አጥፋ ክንዷን ከራሷ በላይ ታነሣለች፤ ጥቂት ትራመዳለች፤ እንደ ገናም ያንኑ ትደግማለች። በስተኋላዋ ሁለተኛይቱ ትወጣለች፤ ከዚያ ሦስተኛይቱ። እንዲህ እየሆነ ሃያ አራት፥ በትልልቆቹ ጓዶች ደግሞ ሠላሳ ሁለት እስኪሞሉ ድረስ ይቀጥላል። ሌላ ምንም ነገር የለም። አንድ እንቅስቃሴ ብቻ ነው፤ ሙዚቃውም ዝግ ያለ ነው።

ሠላሳ ሁለት በሆኑ ጊዜ የመጀመሪያይቱ ልጅ መድረኩ ሞልቶ እስኪቆሙ ድረስ ያንን አራቤስክ ሠላሳ ጊዜ ያህል መሥራት አለባት። በዘቅዛቃ መንገድ፥ ባንድ እግር፥ በዝግታ። በዳንስ ቀርፋፋ እንቅስቃሴ ከፈጣኑ እንደሚከብድ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ይገባዋል፤ ፍጥነት ስሕተትን ይሸፍናል፥ ዝግታ ግን አይሸፍንም። ልጅቱ ብትንገዳገድ ሁሉም ያያታል። ደግሞም ጥላዎቹ ለምን ተመሳሰሉ ብንል፥ ሶሎር የሚያየው ሠላሳ ሁለት ሴቶችን አይደለም፤ አንዲቱን ኒኪያን በሕልሙ ተባዝታ ነው። አንዷ እግሯን ከሌሎቹ አንድ ስንዝር ከፍ ያደረገች እንደ ሆነ ሕልሙ ይፈርሳል፤ ሶሎርም ተመልካቹም ይነቃሉ። ኑሬየቭ ይህን ክፍል በ1963 ለለንደኑ ሮያል ባሌት ባዘጋጀ ጊዜ፥ ከኮከቦቹ እኩል የተመሰገኑት እነዚያ ስም ያልተጻፈላቸው ልጆች ነበሩ።

እንግዲህ ይህ መመሳሰል እንዴት ይገኛል? ብዙ ሰው «ይቈጥራሉ» ይላል። እውነት ነው፥ ይቈጥራሉ፤ ነገር ግን ቍጥር ብቻውን አይበቃም። በሰልፍ የቆመች ዳንሰኛ ራሷን ሳታዞር በዓይኗ ጫፍ ግራና ቀኟን ታያለች፤ የፊተኛይቱን ጀርባ ትጠብቃለች፤ የወለሉን መገጣጠሚያና በመድረኩ መካከል የተለጠፈውን ምልክት በዓይኗ ይዛ ቦታዋን ትለካለች። ይህን ሁሉ ስታደርግ ፊቷ ምንም የምትለካ እንዳይመስል ሆኖ ነው። ከዚህም በላይ አንዳንድ የጥንት መድረኮች ወደ ተመልካቹ ዘቅዝቀው የተሠሩ ናቸው፤ በ1875 የተከፈተው የፓሪሱ ፓሌ ጋርኒዬ እንዲህ ነው። በዚያ ላይ ቀጥ ብሎ መቆም እንኳ ልምድ ይፈልጋል።

በበዓል ቀን ማኅሌት ቆሞ ያየ ሰው ይህን ነገር ለመረዳት አይቸገርም። ካህናቱ መቋሚያቸውን ይዘው ፊት ለፊት ተሰልፈው ሲያሸበሽቡ፥ ዓይናችንን የሚይዘው ሰልፉ ራሱ ነው። ነገር ግን ለእነርሱ ከበሮው አለላቸው፤ ጊዜውን በጆሮም በደረትም ይሰሙታል። የባሌት ኅብር ግን ብዙ ጊዜ የሚነሣው ለስላሳ በሆነ የቫዮሊን ድምፅ ነው፤ ድምፁ መቼ እንደ ጀመረ ለመለየት እንኳ ያስቸግራል። ስለዚህ አንድ ላይ መተንፈስን ይማራሉ። እጅ ከመነሣቱ በፊት ትንፋሽ ይገባል፤ ያንን ትንፋሽ ጎረቤቲቱ ትሰማዋለች። ተመልካቹ ግን አይሰማውም።

አሁን ወደ ዋናው ነጥባችን ደረስን። በኅብር የሚደንሱት ለብቻ መደነስ ያልቻሉት ናቸው የሚል አስተሳሰብ አለ፤ ይህን አስተሳሰብ እኛ አንቀበለውም። እግሯን እስከ ጆሮዋ ማንሣት የምትችል ልጅ በኅብሩ ውስጥ ስትቆም እስከ ተወሰነው ከፍታ ብቻ እንድታነሣ ትታዘዛለች፤ ከፍ አድርጎ ማንሣት የማትችለው ደግሞ እስከዚያው እንድታደርስ ትገደዳለች። ለሁለተኛይቱ ሥራው ድካም ነው፤ ለመጀመሪያይቱ ግን ራስን መግዛት ነው፤ የትኛው እንደሚከብድ መናገር አስቸጋሪ ነው። ብቻውን የሚደንስ ሰው ሙዚቃውን ጥቂት ሊያዘገየው፥ አንዷን ዙር ሊጨምር፥ ሲደክመው አንዷን ሊቀንስ ይችላል፤ የኦርኬስትራው መሪም ዓይኑን ከእርሱ አይነቅልም። ለኅብሩ ይህ ነጻነት የለም። ኮከብ የሆነ ሰው ወደ ኅብሩ ተመልሶ ይግባ ቢባል ወዲያው ይሳካለታል ብለን አናምንም። ሙያው ሌላ ነው።

ስለ መቆምም ሳንናገር አናልፍም፤ መቆም ሥራ መሆኑን ብዙዎቻችን ልብ አንለውምና። «የስዋን ሐይቅ» የተባለው የቻይኮቭስኪ ባሌት መጀመሪያ በ1877 በሞስኮ ቀርቦ ነበር፤ ዛሬ በዓለም የሚታወቀው ግን ፔቲፓና ሌቭ ኢቫኖቭ በ1895 ያቀናበሩት ነው፤ የሐይቁን ዳር ክፍሎች የሠራው ኢቫኖቭ ነው። በሁለተኛው ክፍል ልዑሉና የስዋኖቹ ንግሥት ለብቻቸው ሲደንሱ፥ የቀሩት ስዋኖች በግራና በቀኝ ተሰልፈው፥ ክብደታቸውን ባንድ እግር ላይ ጥለው፥ ሌላውን በጣቱ ጫፍ ወደ ኋላ አስነክተው ዝም ብለው ይቆማሉ። ይህ ብዙ ደቂቃ ይፈጃል። ባቱ ይኰማተራል፤ እግሩ ይደነዝዛል፤ አፍንጫ ይበላል፥ ማከክ ግን የለም። ያ ከባድ ዝምታ ካበቃ በኋላ ወዲያው መዝለል ይመጣል። ዳንሰኞች ስለዚህ ክፍል ሲጠየቁ ከሚዘለለው ይልቅ የሚቆመው ይከብዳል የሚሉት ያለ ምክንያት አይደለም። በዚያው ባሌት አራት ትንንሽ ስዋኖች እጅ ለእጅ ተቆላልፈው የሚደንሱት ጨዋታ አለ፤ ሕዝቡ በጣም ይወደዋል። እጃቸው የታሰረ ስለ ሆነ ሚዛን መጠበቂያ የላቸውም፤ አንዷ ብትሳሳት ሦስቱን ይዛ ትወድቃለች።

የዕለቱ ኑሮ እንዴት እንደ ሆነ ባጭሩ እንናገር። ጧት ትምህርት አለ፤ ኮከብም ጀማሪም ባንድ ክፍል ያንኑ ልምምድ ይሠራል። ከዚያ ቀኑን ሙሉ ለሚመጣው ትርኢት ጥናት ይደረጋል፤ ማታ የዛሬው ትርኢት ይቀርባል። ኮከቦቹ በዕረፍት ይፈራረቃሉ፤ ኅብሩ ግን ከሞላ ጎደል በየምሽቱ ይወጣል፤ ባንድ ምሽትም በመጀመሪያው ክፍል የመንደር ገበሬ፥ በሁለተኛው መንፈስ ሆኖ ልብስ እየለዋወጠ ይሠራል። ኒው ዮርክ ሲቲ ባሌት «ነትክራከር» የተባለውን የገና ባሌት ከ1954 ጀምሮ ከሞላ ጎደል በየዓመቱ ያሳያል፤ ባንድ የገና ሰሞን ከአርባ ጊዜ በላይ ነው። በዚያ ባሌት ኅብሩ የበረዶ ብናኝ ሆኖ ሲደንስ ከላይ የወረቀት በረዶ ይዘንባል፤ ወረቀቱ ወለሉን ያንሸራትታል፥ አፍ ውስጥም ይገባል። ጫፉ የጠነከረው የሳቲን ጫማ ደግሞ አንዳንድ ጊዜ ከአንድ ምሽት አያልፍም።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ያስደነቀን ግን የተተኪነት ነገር ነው። አንዲት የኅብር ዳንሰኛ የምታጠናው የራሷን ቦታ ብቻ አይደለም፤ የሌሎችንም ቦታዎች ማወቅ አለባት። ከቀትር በኋላ አንዲት ልጅ ቍርጭምጭሚቷ ቢዞር፥ ማታ ሌላዋ በዚያች ቦታ ትገባለች። በቀኝ ረድፍ የተማረችውን በግራ ረድፍ ገልብጣ መሥራት ይኖርባታል፤ የምትከተለው ጀርባ ሌላ፥ የምታልፍበት ቀዳዳ ሌላ ነው። አንድ ጊዜ እንኳ ሳትለማመደው፥ በሺህ ሰው ፊት፥ እንደ ቆየችበት ሆና መታየት አለባት። እንዲህ ያለውን ፈተና ላለፈ ሰው ጭብጨባ አይደረግለትም፤ ተመልካቹ አንዳች ነገር መለወጡን አላወቀምና።

በዚህ ላይ የሚነሣ ተቃውሞ አለ። ይህ ሁሉ ከወታደር ሰልፍ በምን ይለያል? ሰውን ከሰውነቱ አውጥቶ የመኪና ጥርስ ማድረግ አይደለምን? የሚሉ አሉ። ተቃውሞው ቀላል አይደለም። ለሁሉም ቦታ የሚሆን አንድ መልስ ግን የለም። በሴንት ፒተርስበርግና በፓሪስ ያሉት ጓዶች ዳንሰኞቻቸውን ከልጅነታቸው ጀምሮ በራሳቸው ትምህርት ቤት ያሳድጋሉ፤ ስለዚህ አንገታቸውና ክንዳቸው ባንድ ቋንቋ ይናገራል። በዚያ ኅብሩ አንድ የሚሆነው ቀድሞ አንድ ትምህርት ስለ ጠጣ ነው እንጂ ባለሥልጣን ስለ ጮኸበት ብቻ አይደለም። በኒው ዮርክ ደግሞ ጆርጅ ባላንሺን ከመስመሩ ትክክለኛነት ይልቅ የእያንዳንዱን ኀይልና ፍጥነት መርጧል።

የባላንሺን «ሴሬናድ» አሠራር ለዚህ ነገር ብርሃን ይሰጣል። ባላንሺን ወደ አሜሪካ ከመጣ በኋላ መጀመሪያ የሠራው ባሌት ይህ ነው፤ በ1934 ለተማሪዎቹ በቻይኮቭስኪ ሙዚቃ አቀናበረው። በመጀመሪያው ምሽት ዐሥራ ሰባት ልጃገረዶች ስለ መጡ፥ ለዐሥራ ሰባት የሚሆን ቅርጽ ሠራ። ዐሥራ ሰባት በረድፍ ለመከፋፈል የማይመች ቍጥር ነው፤ እርሱ ግን አላባረረም፥ አልጨመረምም። በሌላ ቀን አንዲት ልጅ ዘግይታ ገባች፤ መዘግየቷን በባሌቱ ውስጥ አስገባው። ሌላዋ ወደቀች፤ መውደቋንም አስገባው። እስከ ዛሬ ድረስ በዓለም መድረኮች ያች ልጅ ትዘገያለች፥ ያችኛይቱም ትወድቃለች። ከእርሱ በፊትም በ1923 ብሮኒስላቫ ኒዢንስካ በስትራቪንስኪ ሙዚቃ «ሌ ኖስ»፥ ማለት ሠርጉ፥ የተባለውን ባሌት በፓሪስ አቅርባ ነበር። በዚያ ሠርግ ሙሽሪትና ሙሽራው እንኳ ብዙ አይደንሱም፤ ታሪኩን የሚሸከመው የመንደሩ ሕዝብ ነው። ሴቶቹ እርስ በርሳቸው ተደጋግፈው በራሳቸው ላይ ራስ እየደረቡ ክምር ይሠራሉ። ሙሽሪት ያለ ፈቃዷ በልማድ የምትዳር መሆኗን የሚያስረዳን ያ የሰው ክምር ነው። እዚህ ላይ ኅብሩ የጫናውን ክብደት ለዓይን ያሳያል እንጂ ለውበት አልቆመም። በእኛ ግምት ተቃውሞውን ከራሱ ከተቃዋሚው ይልቅ አጥብቃ የተናገረችው ኒዢንስካ ናት፤ የተናገረችውም በዚያው በኅብሩ ነው።

ነገር ግን በመመሳሰል ስም የሚሠራ ግፍ የለም አንልም። አንድ ዓይነት ሰልፍ ለማግኘት ሲባል ቁመት ይለካል፥ ክብደት ይታያል፤ ብዙ ወጣቶች ለዚህ ሲሉ ራሳቸውን አስርበው ታመዋል። የቀለምም ነገር አለ። በኅብሩ የተወደዱት ትርኢቶች «ነጭ ባሌት» ይባላሉ፤ ስያሜው የመጣው ከልብሱ ነበር፤ ሆኖም ነጩን ከልብሱ ወደ ቆዳው ያሻገሩት ሰዎች አልጠፉም። ክሎዬ ሎፔስ ጎሜስ የተባለች ፈረንሳዊት ዳንሰኛ በ2018 ወደ በርሊኑ የመንግሥት ባሌት ጓድ ገባች፤ በዚያ ጓድ የመጀመሪያይቱ ጥቁር ሴት ዳንሰኛ ነበረች። በ2020 መጨረሻ ለጋዜጦች እንደ ገለጸችው፥ ከአሠልጣኞቿ አንዷ ጥቁር ሴት በኅብር መካከል ስትቆም ሰልፉ አያምርም የሚል ነገር ነግራታለች፤ ለስዋን ሐይቅም ቆዳዋን በነጭ ቀለም እንድትቀባ ተጠይቃለች። ነገሩ ወደ ሥራ ፍርድ ቤት ሄዶ በ2021 በስምምነት ተፈጸመ፤ ውሏ ተራዘመላት፤ ዐሥራ ስድስት ሺህ ዩሮም ተከፈላት። በአሜሪካም ሚስቲ ኮፕላንድ በ2001 ወደ አሜሪካን ባሌት ቲያትር ኅብር ገብታ ስድስት ዓመት በዚያው ከሠራች በኋላ፥ በ2015 በዚያ ጓድ ታሪክ ከፍተኛውን ማዕርግ ያገኘች የመጀመሪያይቱ አፍሪካዊት አሜሪካዊት ሆናለች።

ጥያቄው እንዲህ ነው። ዓይን አንድነትን የሚያገኘው ከምንድን ነው? ከላይ እንዳስረዳነው ከጊዜ፥ ከከፍታ፥ ከማዕዘን፥ ከትንፋሽ ነው። እነዚህን ሁሉ የሚጠብቅ ሰው የቆዳው ቀለም ምንም ይሁን ምን ከሰልፉ አይወጣም፤ እነዚህን የማይጠብቅ ደግሞ ምንም ቢነጣ ይወጣል። ጥላ ወይም ስዋን መስሎ ለመታየት የተወለደ ሰው የለም። ሁሉም በሥራ የሚያገኙት ነው። ስለዚህ ሰልፉ እንዳይበላሽ ሰው እንከልክል የሚለው ክርክር ስለ ዳንስ ሙያ የሚናገር ይመስላል እንጂ ሙያውን አያውቀውም።

ከእኛ ብዙዎቻችን ባሌትን የምናየው በቲያትር ቤት አይደለም፤ በስልክና በኮምፒዩተር መስኮት ነው። በዚያ የሚቀርበው ፊልም ኅብሩን ይበድለዋል። የካሜራው ሰው ኮከቢቱን በወደደ ጊዜ ወደ ፊቷ ይጠጋል፤ ያን ጊዜ ሠላሳው ሰው ከመስኮቱ ውጭ ይቀራል፤ ወይም ከኋላዋ የተቈረጠ ክንድና ግማሽ ቀሚስ ሆኖ ይታያል። የጥላዎቹን ሰልፍ ለማየት የሚሻ ጓደኛ ካለ፥ ከሩቅ ሳይንቀሳቀስ የተነሣ ፊልም እንዲፈልግ እንመክራለን፤ በቲያትር ቤትም ቢሆን ለኅብሩ የሚመቸው ርካሹ የላይኛው ሰገነት ነው። የ1581 መኳንንት ይህን ያውቁ ነበር፤ ዛሬ ደግሞ ዕድሉ ለድሃው ደርሷል።

በመጨረሻ ስለ እንጀራው እንናገር። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ፓሪስ የኅብር ልጆች ባብዛኛው የድሃ ልጆች ነበሩ። የኦፔራው ትምህርት ቤት ልጆች «ትንንሽ አይጦች» ይባሉ ነበር። ሀብታም ደንበኞች ከመድረኩ በስተኋላ ወዳለው የዳንሰኞች አዳራሽ መግባት ይፈቀድላቸው ነበር፤ ስለምን ይገቡ እንደ ነበር መግለጥ አያስፈልገንም። ኤድጋር ደጋ በ1881 ያሳየው የዐሥራ አራት ዓመቷ ትንሽ ዳንሰኛ ሐውልት ዛሬ በዓለም ሙዚየሞች የታወቀ ነው፤ አብነት የሆነችው ማሪ ቫን ጎተም የልብስ አጣቢ ልጅ ነበረች፤ በ1882 ከኦፔራው ተባረረች። ሐውልቷ ቀርቶ ልጅቱ ጠፋች።

በኋላ ዘመን ዳንሰኞቹ ማኅበር አቆሙ። በአሜሪካ የኦፔራ ዘፋኞችና የባሌት ዳንሰኞች የሚደራደሩበት የሙዚቃ አርቲስቶች ማኅበር በ1936 ተመሠረተ፤ በ1979 የአሜሪካን ባሌት ቲያትር ዳንሰኞች በደመወዝ ሳይስማሙ ቀርተው አስተዳደሩ ሥራውን ዘግቶባቸዋል። በፓሪስ ደግሞ ከንጉሥ ሉዊ ዐሥራ አራተኛ ዘመን፥ ከ1698 ጀምሮ፥ ለኦፔራው ሠራተኞች የተለየ የጡረታ ደንብ አለ፤ ዳንሰኛ በአርባ ሁለት ዓመቱ ጡረታ ይወጣል። በ2019 መንግሥት የጡረታ ደንቦችን ሁሉ አንድ ላደርግ ነው ባለ ጊዜ ዳንሰኞቹ ሥራ አቆሙ። ጕልበታቸውና ቍርጭምጭሚታቸው እስከ ስድሳ ዓመት እንደማይቆይላቸው ለሕዝብ ማስረዳት ነበረባቸው።

በታኅሣሥ 24 ቀን 2019፥ በገና ዋዜማ፥ የፓሌ ጋርኒዬን በር ከፍተው ወደ ደጁ ወጡ። በደረጃው አናት ባለው ድንጋይ ላይ ወለል ተነጥፎ፥ የኦርኬስትራው ሰዎች ካፖርት ለብሰው ተቀምጠው፥ ሴቶቹ ዳንሰኞች በብርዱ ውስጥ ነጭ የስዋን ልብሳቸውን ለብሰው ከስዋን ሐይቅ አንዱን ክፍል በነጻ አሳዩ። መንገደኛው ቆሞ አየ። በዚያ ቀን ልዑሉ አልነበረም፤ የተሰለፉት ስዋኖች ናቸው። የዚያ ጊዜው የሕግ ረቂቅ በ2020 በወረርሽኙ ምክንያት ቆመ፤ በ2023 ሌላ የጡረታ ሕግ ሲወጣም የኦፔራው ደንብ ሳይሰረዝ ቀረ።